የአስቴር ጣቶች እንዲነበቡ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሰፈራችን፣ ከዊንጌት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው መንደር፣ ያልጠየቅሁት ሹመት ተሰጥቶኛል። ድሮ «የቴሌቪዥኗ ሴትዮ» ነበርኩ፤ አሁን «ቀያሪዋ» ሆኛለሁ። ከዲሽ የቀዳው ድራማ ስልኩ ላይ አልከፍት ያለው፣ የልጁ የሠርግ ካሴት ሣጥን ውስጥ የተረሳበት፣ ሁሉም ፍላሹን በኪሱ ይዞ በሬን ያንኳኳል። አላማርርም። ግድግዳ እያዩ ከመዋል ይሻላል፤ ደግሞም ሰው ሲፈልገኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሰሞን ባለሱቁ ከድር መጣ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «የትኛው ፕሮግራም ነው ጥሩ?»

«ለምኑ?»

«ከቴሌቪዥን የቀዳሁትን ድራማ ለመቀየር ነዋ። ኢንተርኔት ላይ መዓት አለ፣ ግራ ገባኝ።»

«ድራማውን የሚያየው ማነው?»

«እናቴ ናት። አገር ቤት ልልክላት ነው።»

«በምን ነው የሚያዩት?»

«በስልክ።»

«ዓይናቸውስ?»

«ትንሽ ደክሟል። ምነው እትዬ፣ ሐኪም ሆኑ እንዴ? የፕሮግራሙን ስም ብቻ ይንገሩኝ በቃ፣ ደንበኛ ትቼ ነው የመጣሁት።»

ለደከመ ዓይንና ለትንሽ ስልክ የሚሆነው ሌላ፣ ለሳሎን ቴሌቪዥን የሚሆነው ሌላ መሆኑን ላስረዳው ብሞክር እሱ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ ራሴው ቀይሬ ሰጠሁት። አመስግኖኝ ሄደ፤ የፕሮግራሙን ስም ግን እስከ ዛሬ የደበቅኩት ይመስለዋል።

የሚያየው ማነው የሚለው ጥያቄ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ከጋሽ ደስታ የወረስኩት ነው። ጋሽ ደስታ በቴሌቪዥን መሥሪያ ቤታችን የካሴት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ስቀጠር የተመደብኩት እሳቸው ሥር ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ካሴት ማስወጣትና ማስገባት ነበር። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ጋዜጠኛ ግን ካሴት መውሰድ እንጂ መመለስ አልፈጠረበትም፤ ግማሽ ቀኔን በየቢሮው እየዞርኩ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ ስለማመጥ እውል ነበር።

ከዚያ ወደ ቴክኒክ ክፍል፣ ቀጥሎ ወደ ቅንብር፣ ኋላም ተመልሼ ወደ ካሴቶቼ ተዛወርኩ። በመሃል ብዙ አለቃ አየሁ። አንዱ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሌላው ስብሰባ ካልጠራ ያመዋል። ደሞዙም በየጊዜው ይጨመራል፣ በየጊዜው አይበቃም፤ ያው የሁላችንም ታሪክ ነው። እኔ ሥራዬን ወድጄዋለሁ። እንደገና ተወልደሽ ምን ትሆኛለሽ ቢሉኝ እዚያው ካሴት ቤት ውሰዱኝ እላለሁ።

ጋሽ ደስታ ካሴት ከመደርደሪያ አውርደው በቀጥታ ማጫወቻ ውስጥ አይከቱም። መጀመሪያ ያሸቱታል፤ ሻጋታ ገና ለዓይን ሳይታይ ይሸታል። ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ያጠነጥኑትና መልሰው ወደ መጀመሪያው ያጠነጥኑታል፣ ለዓመታት ተጣብቆ የኖረው ክር እንዲላቀቅ። ምስሉን ከክሩ ላይ የሚያነበውን የማጫወቻውን ሄድ የሚያጸዱት በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ነው። ጥጥ ብናኝ ይተዋል ብለው አያስጠጉም። ስለዚህ መነጽር ያደረገ እንግዳ ክፍላችን ከገባ ጨርቁን ሳያስረክብ አይወጣም ነበር። አንድ ጊዜ ዋና ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር አራቁተዋቸዋል።

ካሴቱ መዞር ሲጀምር የጸሎት ቤታቸውን መዝሙር እያንጎራጎሩ ይቀመጣሉ። ትንሽ ቆይተው ዝም ይሉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የታመመ ካሴት መጀመሪያ የሚያቃስተው በድምፁ ነው ይሉ ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ምስሉ ከመበላሸቱ አስቀድሞ ድምፁ ይርገበገባል። እኛም ሁላችን ጨፍኖ ማዳመጥን ከሳቸው ተማርን። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ተስፋ የሌለው የሚመስለውን ካሴት አይጥሉም። ከክፍሉ ጥግ «በሽተኞቹ» የሚሉት መደርደሪያ ነበራቸው። የሻገተውን፣ የተጣበቀውን፣ የተጨማደደውን ሁሉ እዚያ ያስተኙታል።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው እኔ በቦታቸው ስተካ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ማጫወቻዎቹ አረጁ፣ መለዋወጫቸው ከገበያ ጠፋ። ካሴት ላይ ያለው ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ይቀየር ተባለ። ድራማው፣ የበዓል ፕሮግራሙ፣ የልጆች ተረቱ፣ ሁሉም። ለዚህ ሥራ ሁለት ፕሮግራሞች ለምርጫ ቀረቡልን። እኛ በየስማቸው ከመጥራት ይልቅ አንዷን «ሚኒባሷ»፣ ሌላዋን «አውቶቡሷ» አልናቸው። ሚኒባሷ ትፈጥናለች፣ በጠባብ ቦታ ብዙ ትጭናለች፤ ካሴቱ እየዞረ እያለ እዚያው ጨምቃ ትንሽ ፋይል ታስረክባለች። አውቶቡሷ ካሴቱ ላይ ያለውን ሁሉ ሳትቀንስ ታስቀምጣለች። ማሳነሱ በሌላ ቀን የሚሠራ ሌላ ሥራ ነው፤ ፋይሏም ሃርድ ዲስክ ይበላል።

አለቃችን አቶ ሙሉጌታ ቅንና ችኩል ሰው ነበር።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ማጫወቻዎቹ እየሞቱብን ነው» አለኝ። «በአውቶቡስ ከሄድን ግማሹን ካሴት ሳናዳርስ እንቀራለን። ዲስኩንስ ከየት አመጣለሁ?»

የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። በሚኒባሷ ጀመርን። አንድ ችግሯ ወዲያው ታየ፤ መብራት ሲጠፋ እስከዚያ የሠራችው ሁሉ አይከፈትም፣ ምክንያቱም ፋይሉን ቋጥራ የምታስረው መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ አገር መብራትን አምኖ ፕሮግራም መምረጥ የዋህነት ነው። የሆነው ሆኖ ጄኔሬተር እያስነሳን ቀጠልን። እያንዳንዱን ፋይል ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ቆንጥረን፣ እንደ ጋሽ ደስታ ዓይናችንን ጨፍነን እናዳምጣለን፤ ካላቃሰተ ደህና ነው እንላለን። መጋዘኑ ለሌላ ሥራ ይፈለግ ስለነበር የተቀየሩት ካሴቶች እየተጫኑ ይወገዱ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ቀን ነጭ ጋውን የደረበች ወጣት ቢሮዬ መጣች። መሠረት እባላለሁ፣ ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው አለችኝ። እናቷ አስቴር መስማት የተሳናት መምህርት ነበረች። እኛ ዘንድ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በሚተላለፈው ፕሮግራም ላይ በምልክት ቋንቋ ተረት ትናገር ነበር። ሴትየዋን አስታወስኳት፤ ረጅም፣ ፈገግታዋ ከፊቷ የማይጠፋ። አስቴር አርፋለች። የመሠረት አባት ጋሽ ኤልያስ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው፣ እሳቸውም አይሰሙም።

«ፎቶዋማ ሞልቷል፣ እትዬ» አለች መሠረት። «ንግግሯ ግን የለንም። የሌላው ሰው እናት ስትሞት ድምፅዋ ስልክ ላይ ምን ላይ ይቀራል። የእናቴ ድምፅ ጣቷ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ስትናገር ልያት ይላል፤ ሌላ ምንም አልለመነኝም።»

ያንን ፕሮግራም በቅርቡ ቀይረን ጨርሰናል፤ በደስታ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሰጠኋት። እንዲህ ያለ ቀን ነው የሥራችን ጥቅም የሚገባኝ። ሻይ ጋብዤ ሸኘኋት።

ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«አባቴ አየው» አለች። «ትንተባተባለች አለኝ።»

«እንዴት?»

«እኔም አይቼዋለሁ። ቃሏ ይቆራረጣል። እናቴ ተንተባትባ አታውቅም እትዬ፤ ጣቷ እንደሷ የሚፈጥን ሰው አላየሁም። አባቴ ከመሃል ተነስቶ ሄደ። አልጨረሰውም።»

ፋይሉን ከፈትኩት። ተረቱን ለሚሰሙ ልጆች በድምፅ የሚያነብ ተራኪ ነበረበት፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እኛ ጨፍነን ያሳለፍነው እሱን ሰምተን ነው። ድምፁን ዘግቼ አስቴርን ብቻ አየሁ። እጇ ቀስ ሲል ደህና ነው። ሲፈጥን ግን ጣቶቿ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ፣ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ስትሻገር መሃሉ ይጎድላል። ክፍላችን ውስጥ ያለን ሁላችንም ሰሚዎች ነን፤ ለዓይን የተሠራን ፕሮግራም በጆሮ መርምረን ደህና ነው አልነው።

ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። የዚያ ፕሮግራም ካሴቶች የነበሩበት መደርደሪያ ባዶ ነበር። ተጭነው ሄደዋል። ባዶው እንጨት ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ለዚያች ልጅ ምን እላታለሁ? እናትሽ አለች፣ ግን አትነበብም ልበላት? በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ልቤ ተሰብሮ አያውቅም።

በማግስቱ ጋሽ ደስታ ቤት ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ጨፍናችሁ ነው ያያችሁት?» አሉ።

«እርስዎ እንዳስተማሩን።»

«እሱማ የካሴቱን ጤና ለማወቅ ነው፣ ጥሩዬ። የምን ፕሮግራም ነው፣ የሚያየውስ ማነው ብሎ መጠየቅ ነበር። ሳልጠይቅ ማጫወቻ እንዳልነካ ታውቂያለሽ።» ቆጣ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ራሩልኝ። «በሽተኞቹንስ ጣላችኋቸው?»

በሽተኞቹን ማንም አልነካቸውም ነበር፤ ሊቀየሩ ስላልቻሉ ከነሻጋታቸው እዚያው ጥጋቸው ላይ ተኝተዋል። ቢሮ ተመልሼ አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው። ከመሃላቸው አንዱ የዚያ የልጆች ፕሮግራም ካሴት ነበር፣ የአስቴር ስም ተጽፎበታል። ለጋሽ ደስታ ስደውልላቸው «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ብለው ሳቁ፤ ቀጥለው ግን «እንዳትነኪው፣ መጣሁ» አሉ።

መጥተው አሸተቱት። ክሩ ጠርዙ ሻግቷል። ቢጸዳ አንድ ጊዜ ይዞር ይሆናል፣ ሁለተኛ ግን አይታመንም አሉኝ። አሁን የፕሮግራም ምርጫው የወሬ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ካሴቱ ከመግባቱ በፊት ትክክለኛዋን ማወቅ ነበረብን፤ ከተሳሳትን ጋሽ ኤልያስ ሚስታቸውን ዳግም አያነቧትም።

እንዴት እንደምፈትን ያሰብኩት ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው። በጤነኛ ካሴት ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያለበት ዜና ነበረን። ዜናውን ለሁለቱም ፕሮግራሞች ሰጥቼ ቀየርኩት። የአውቶቡሷን ፋይል ደግሞ ሁለት ዓይነት አድርጌ አሳነስኩት። ሦስቱን ላፕቶፕ ላይ ጭኜ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ።

ጋሽ ኤልያስ ሽመናቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መወርወሪያውን አስቀምጠው እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። መሠረት መሃላችን ተቀምጣ ታስተረጉም ጀመር። አስቴር ለምን እንደምትንተባተብ ጠየቁኝ። እኔም የዘረጉትን ድር አሳየኋቸው። የድሮ ካሴት ምስሉን ሙሉውን በአንዴ አይጽፍም፤ አንድ መስመር እየዘለለ ግማሹን፣ ቀጥሎ የተዘለለውን ግማሽ ይጽፋል፣ እርስዎ ግማሹን ድር አንስተው ግማሹን ዝቅ እንደሚያደርጉት ማለት ነው አልኳቸው። ሚኒባሷ ቦታ ለመቆጠብ አንዱን ግማሽ ትጥለዋለች። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚናገር ሰው ምንም አይል፤ ለሚፈጥን ጣት ግን ግማሹ ንግግር እዚያ የተጣለው ውስጥ ነው።

ጋሽ ኤልያስ ድሩን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና ለመሠረት አንድ ነገር ነገሯት።

«እንዲህ አድርጎ የሸመነ ሰው ጋቢውን ማን ይገዛዋል ይላል» አለች እየሳቀች።

ፈተናው እንዲህ ነበር። እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዜናውን እሰማለሁ፤ ጋሽ ኤልያስ ድምፁን ሳይሰሙ የአስተርጓሚውን እጅ ያነባሉ፤ መሠረት ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ አባቷ ያሉትን ትነግረኛለች። በሚኒባሷ የተቀየረው ላይ የሰዎቹን ስም ሳቱ፣ ቁጥሮቹንም አምታቱ። በመጀመሪያው የአውቶቡሷ ቅጂ፣ ሁለቱን ግማሾች አንድ ምስል አድርጎ በሚያጣምረው ላይ፣ ተሻሉ፣ ግን ዓይናቸውን ያጠባሉ። በሦስተኛው፣ ሁለቱንም ግማሽ መስመሮች እንደ ሙሉ ምስል በየተራ በሚያሳየው ላይ፣ ከዜና አንባቢው እኩል ይሄዱ ጀመር። እንዲያውም አስተርጓሚው አንድ ቦታ ተሳስቶ ነበር፤ እሱንም ነግረውኛል፣ ተናደውበት።

ለአቶ ሙሉጌታ የሚኒባሷንና ሦስተኛውን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ድምፁን ዘግቼ አሳየሁት። የአስተርጓሚውን ጣቶች ከአንዱ ወደ ሌላው እያመሳከረ አየ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አለ በመጨረሻ። «የተረፈው ካሴት ሁሉ በአውቶቡስ ይሂድ። ዲስኩን እኔ እለምናለሁ።» ለምኖም አመጣ። ጥሩ አለቃ ነበር፣ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደግ አይሆንም።

የአስቴርን ካሴት ያጫወትነው አንድ ጠዋት ነው፣ ጄኔሬተሩን አስቀድመን አስነስተን። ጋሽ ደስታ የመነጽር ጨርቃቸውን ይዘው መጡ። ክሩን በእጃቸው እያጠነጠኑ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ሻጋታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረጉት። ማጫወቻው ሲነሳ እንደ ልማዳቸው አንጎራጎሩ፤ ዓይናቸውን ግን አልጨፈኑም። መሃል ላይ ምስሉ በነጭ ነጠብጣብ ተሞላ፣ የማጫወቻው ሄድ ቆሽሿል። አቆምነው፣ አጸዳነው፣ ቀጠልን። አውቶቡሷ እስከዚያ የጻፈችውን አንድም አላጣችም። ካሴቱ ጨርሶ ሲቆም ክሩ ጠርዙ ላይ ተልጦ ነበር። ጋሽ ደስታ ወንበራቸው ላይ ተዘርፍጠው «በቃ፣ አሁን ይረፍ» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከፕሮግራሙ ርዕስ በፊት ያለውን ቆርጬ እጥለው ነበር። ያንን ግን እንዳለ ይዤ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ጋሽ ኤልያስ ያንን ቀን ሥራ አልጀመሩም፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ላፕቶፑ የሚቀመጥበትን በርጩማ ጠርገው ይጠብቁኛል። መሠረትም ፋርማሲዋን አስፈቅዳ መጥታለች።

ፋይሉን ከፈትኩት፤ ገና ፕሮግራሙ ሳይጀምር አስቴር ስቱዲዮው መሃል ቆማለች። አንዲት ሴት ነጠላዋን ታስተካክልላታለች። አስቴር ከካሜራው ጀርባ ወዳለ ሰው ተመለከተች፣ እጆቿን አነሳችና ፈጠን ፈጠን አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። ጣቶቿ አንድ በአንድ ይታያሉ። ጋሽ ኤልያስ በድምፅ ሳቁ። ሳቃቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

«ከካሜራው ጀርባ የቆመው አባቴ ነው» አለችኝ መሠረት። «ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚያደርሳት።»

«ምን አለችው?»

«ከቤት ስትወጣ በሩን ቆልፈኸዋል? አለችው።»

ጋሽ ኤልያስ በሸሚዛቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጠጋ ብለው ተቀመጡና፣ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው፣ ቀስ አድርገው መለሱላት። እኔ መሠረትን አየኋት። 

«ቆልፌዋለሁ» አለችኝ፣ «ቁልፉ ግን አንቺ ጋ ነው፣ ይላታል።»